ታፔላዎ ከመሰቀሉ በፊት፦ የሱቅ ጽሑፍ ያለ ስሕተት እንዴት ይጻፋል?

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፎቶ ቤት ከፈተ። ለታፔላው ብዙ ገንዘብ አወጣ፤ መብራት ያለው፣ ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ነበር። መጀመሪያ የበራ ዕለት አብሬው ቆሜ ቀና ስል «ፎቶ ስቱዲዬ» ይላል። «ዮ» መሆን የነበረባት ፊደል «ዬ» ሆናለች። ልጁ ያዘዘበትን ወረቀት ቢፈልግ የለም፤ ስሙን የነገራቸው በስልክ ነበር። ሠሪዎቹ «ያልከንን ነው የጻፍነው» አሉት። የሚያሳየው ማስረጃ ስላልነበረው ለዚያች አንዲት ፊደል ሁለተኛ ከፈለ።

እኔ የምተዳደረው ጽሑፍ በማረም ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ የሚከፍት ዘመድም ጎረቤትም ጽሑፉን አስቀድሞ ያሳየኛል፤ የማያቸው ስሕተቶች ደግሞ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ናቸው። የሚመነጩትም ከአለማወቅ ሳይሆን ከችኮላ ነው። ሰው ለቀለሙና ለመብራቱ ሳምንት ሲጨነቅ ይሰነብትና ጽሑፉን በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ታፔላ ግን በአገራችን ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ የሚነበብ ነገር ነው። ማንበብ የጀመረ ሕፃን በእናቱ እጅ ተይዞ ሲሄድ ፊደል የሚለማመደው በሱቆች ግንባር ላይ ነው። እዚያ ያየውን አጻጻፍ እንደ ትክክል ይወስደዋል። እንዲህ አድርጌ ደጋግሜ የምነግረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ በወረቀት ይጻፉት

ከማንም ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ታፔላው ላይ የሚወጣውን ቃል ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉ። ስሙን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ስልኩን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ አንዲት ነጥብ ሳትቀር። በስልክ የተነገረ ስም በሰሚው ጆሮ ነው የሚጻፈው።

ስሙን ከንግድ ፈቃድዎ ላይ አይተው ይገልብጡ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስም ይመዘገባል። ፈቃዱ ላይ «ሰላም» ተብሎ ታፔላው ላይ «ሠላም» ከሆነ፣ ማኅተሙና ደረሰኙ ደግሞ ሌላ ከሆኑ፣ ባንክ ቤት ወይም ግብር ሲከፍሉ ማብራሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። እግረ መንገዴን ልበል፦ ይህ ቃል በሰላሙ «ሰ» ነው የሚጻፈው። በንጉሡ «ሠ» የሚጻፍበት ምክንያት የለም። ፈቃዱ ላይ ራሱ ስሕተት ካለ ግን ታፔላ ከማሠራትዎ በፊት ፈቃዱን ያሳርሙ።

ሁለተኛ፦ ፊደል በፊደል ይፈትሹት

ብዙ ጊዜ መስጠት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ዋና ዋና ሆሄያት በሰባት ድምፅ ይዘረዘራሉ፤ በድምሩ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። በአንዲት ቀለበት ወይም በአንዲት ቅጥያ ብቻ የሚለያዩት ብዙ ናቸው። ዐይን ደግሞ የሚጠብቀውን ያነባል እንጂ የተጻፈውን አያነብም።

በከተማችን ግድግዳዎች ላይ አንደኛውን ቦታ የያዘችው የአክስቴ ልጅ ስሕተት ናት። ሳብዕ የሆነችው «ዮ» በኃምሷ በ«ዬ» ትተካለች፦ ስቱዲዬ፣ ቪዲዬ፣ ሬዲዬ፣ ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ «ኢትዬጵያ»። የአገራችን ስም እንዲህ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል። ጽሑፍዎ ውስጥ «ዮ» ያለበትን ቃል ሁሉ ያስምሩበትና አንድ በአንድ ይመልከቱት።

ቀጥላ የምትመጣው «ዉ» ናት። ካዕቧ «ዉ» እና ሳድሷ «ው» አንድ አይደሉም። «ዉሃ»፣ «ዉስጥ»፣ «ዉድ ደንበኞቻችን» የሚሉት ሁሉ በ«ው» መጻፍ አለባቸው። በሱቅ ጽሑፍ ላይ «ዉ» የምታስፈልግበት ቦታ እምብዛም ስለሌለ ካገኟት ይጠርጥሯት።

ትርጉም የሚለውጡም አሉ። «ፓስታ» የሚበላ ነው፤ «ፖስታ» ደብዳቤ የሚገባበት ነው። የምግብ ዝርዝር ላይ «ፖስታ በሥጋ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። «ጵ» እና «ጽ»፣ «ለ» እና «ሰ» በእጅ ጽሑፍ ስለሚመሳሰሉ፣ ወረቀትዎን ሠሪው ሲያነበው ሊያምታቱት ይችላሉ። ስለዚህ እነዚህን ጎላ አድርገው ይጻፉ።

የወደቀ ፊደልም ይፈልጉ። «መዳኒት ቤት» የሚል ጽሑፍ በየሰፈሩ አለ። ቃሉ መድኃኒት ነው፤ በንግግር ተውጣ የምትቀር «ኃ» በጽሑፍ አትቀርም።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በግዕዝ «ሰረቀ» ሌባ የሚሠራው ሲሆን «ሠረቀ» ደግሞ የፀሐይ መውጣት ነው፤ አማርኛ ግን የድምፁን ልዩነት አልጠበቀም። ከዚህ የተነሣ «አንዱን ይዘን ሌላውን እንተወው» የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ «የቃሉን ዘር ያሳያልና ይጠበቅ» የሚሉም አሉ። እኔ የኋለኞቹ ወገን ነኝ። «ስጋ ቤት» ብሎ የጻፈን ሰው ተሳሳተ ብዬ አልሟገትም፤ ግን በአንድ ታፔላ ላይ ከላይ «ሥጋ»፣ ከታች «ስጋ» ተጽፎ ሲገኝ የሁለቱም ወገን ሰው ያዝናል። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይጽኑ።

ነባሩን አጻጻፍ ለመጠበቅ ለሚፈልግ፣ በሱቅ ጽሑፍ ላይ ደጋግመው የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሥራ፣ መሣሪያ፣ ሥዕል፣ መድኃኒት፣ ሕክምና፣ ዕቃ፣ ጽሕፈት፣ መጻሕፍት፣ ማኅበር፣ ኃላፊነት። «ሕንጻ» በጸሎቱ ጸ፣ «ሕፃናት» በፀሐዩ ፀ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሲጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ዛሬም ብዙ ክርክር ይፈታል።

የውጭ ቃላትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። «ጋራዥ» እና «ጋራጅ»፣ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር» ሁለቱም ይነበባሉ፤ አንዱን ይያዙ። «ሬስቱራንት» እና «ኤሌክትሮንክስ» ግን «ሬስቶራንት» እና «ኤሌክትሮኒክስ» ቢባሉ ይሻላል። ምግብ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ጸጉር ቤት የሚሉ ጥሩ ቃላት እያሉን በግድ ወደ ባዕድ ቃል መሄድም አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ሰዋስውን ይመርምሩ

በታፔላ ላይ ከሚታዩት የሰዋስው ስሕተቶች የመጀመሪያው የብዙ ብዙ ነው። ሕፃናት፣ መጻሕፍት፣ መምህራን፣ ቃላት በግዕዝ ሥርዓት በዝተው የመጡ ናቸው። «የሕፃናቶች ልብስ»፣ «የመጻሕፍቶች መደብር» ሲባል የበዛው እንደገና በዛ ማለት ነው። ወይ «የሕፃናት ልብስ»፣ ወይ «የሕፃኖች ልብስ» ይበሉ፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ሦስተኛው ግን አያስኬድም።

ሁለተኛው የቁጥር አለመስማማት ነው። «አዲስ የገባ ጫማዎች»፣ «ልብሶች ይሸጣል»። አማርኛ በዚህ ረገድ ደግ ቋንቋ ነው፤ ነጠላውን ቃል ለብዙውም ይጠቀምበታል። «አዲስ የገባ ጫማ» እና «ልብስ ይሸጣል» ቢሉ ሙሉ ነው፣ ቦታም ይቆጥባል። ማብዛት ከፈለጉ ግን ሁሉንም ያብዙ፦ «አዲስ የገቡ ጫማዎች»፣ «ልብሶች ይሸጣሉ»።

ሦስተኛው የምትዋጥ «ን» ናት። «ደንበኞቻችን እናከብራለን» የሚል ጽሑፍ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚከበሩት ደንበኞች ከሆኑ ተሳቢዋ «ን» መምጣት አለባት፦ «ደንበኞቻችንን እናከብራለን»። ሁለት «ን» ተከታትለው ሲመጡ ጻፊው የተደገመ መስሎት አንዷን ይሰርዛታል። ሠሪውም «አንዷ ትርፍ ናት» ብሎ ሊነግርዎ ይችላል፤ እንዳያምኑት።

አክብሮትም ይቀላቀላል። «ይግቡና ቅመሱ» ሲባል የመጀመሪያው ግሥ ለእርስዎ፣ ሁለተኛው ለእናንተ ሆነ። «ይግቡና ይቅመሱ» ወይም «ግቡና ቅመሱ»። በበዓል ሰሞን የሚሰቀለውን ባነርም ልብ ይበሉት፦ «ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ»። ይህ አባባል እጅግ ተለምዷል፣ ሆኖም ሲጀምር ስለ ደንበኞቹ ለሌላ ሰው ይናገራል፣ ሲጨርስ ከራሳቸው ጋር ያወራል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለዘመን መለወጫ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።» ቢባል ሰላምታው ሰው ፊት ለፊት የቆመ ያህል ይሞቃል።

የቃላት ክፍተትንም ይዩ። «ምግብቤት»፣ «ሥጋቤት»፣ «ያለፈቃድ» ተጣብቀው አይጻፉም።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ቃልም አለ። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። «የዋና መምህር» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ውሃ ዋና የሚያስተምር፣ ጠብቆ ሲነበብ የመምህራን አለቃ ነው። «ልብስ ይሰፋል» የሚለውም በመርፌ መሰፋቱን ወይም ጠቦ የነበረው መስፋቱን ሊናገር ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም የሚያብራራ ቃል ይጨምሩ፦ «የውሃ ዋና ሥልጠና»፣ «ልብስ ስፌት»፣ «የጠበበ ልብስ እናሰፋለን»።

አራተኛ፦ ሥርዓተ ነጥብ

የሱቅ ስም ዐረፍተ ነገር ስላልሆነ አራት ነጥብ አያስፈልገውም። ግሥ ያለው ማሳሰቢያ ሲሆን ግን አራት ነጥብ ይገባዋል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።»

አራት ነጥብ ሲባል ራሱን የቻለ ምልክት ነው፦ «።»። ሁለት የፈረንጅ ነጥቦች ጎን ለጎን ተደርድረው «::» ሲጻፉ የሱ ምትክ አይሆኑም፤ አንደኛው በመስመር መጨረሻ፣ ሌላኛው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ የቀረበትን ባነር በዐይኔ አይቻለሁ። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ሁለት ነጥብን ሁለቴ ሲጫኑ አራት ነጥብ ይወጣል፤ ሠሪው መጻፊያውን ወደ አማርኛ ሳይመልስ ከተየበ ግን አይወጣም። ለዝርዝር ደግሞ የእንግሊዝኛው ኮማ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ «፣» ነው። «ስልክ:-» ተብሎ የሚጻፈውም በ«ስልክ፦» ይተካ።

ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ገንዘብ የሚያወጡበት ቦታ የሸቀጥ ዝርዝር ነው። «ያገለገሉ ምድጃና ማቀዝቀዣ ቴሌቪዥን አዲስ» ተብሎ ከተጻፈ አዲሱ የትኛው ነው? ደንበኛው ገብቶ ይጠይቃል፣ ወይም ጭራሽ አይገባም። «አዲስ ቴሌቪዥን፤ ያገለገለ ምድጃና ማቀዝቀዣ» ሲባል ድርብ ሰረዙ ሁለቱን ወገን ይለያቸዋል። ቅጽል ከሚገልጸው ስም ፊት ይሁን፣ ሌላው ወገን ሲጀምር ድርብ ሰረዝ ይቁም።

ትእምርተ ጥቅስ ለማድመቂያ አይደለም። «ንጹሕ ማር» ሲጻፍ «ንጹሕ» የምትለው ቃል ብቻዋን በጥቅስ ከተከበበች ሻጩ ራሱ ያላመነበትን የሌላ ሰው ቃል የሚጠቅስ ይመስላል። ማድመቅ ከፈለጉ ቀለሙን ወይም መጠኑን ይለውጡ። ቃለ አጋኖም አንድ ይበቃል።

እዝባር ራሱን የቻለ ችግር ነው። «ት/ቤት» እና «ፍ/ቤት» ማንም ያውቃቸዋል። «ም/ቤት» ግን ምግብ ቤት ነው ወይስ ምክር ቤት? «መ/ቤት» መሥሪያ ቤት፣ መኖሪያ ቤት ወይስ መድኃኒት ቤት? ቦታ ካለ ሙሉውን ይጻፉ፤ ቦታ ከሌለ ፊደሉን ያሳንሱ እንጂ ቃሉን አይቁረጡ። ማሳጠር ግድ ከሆነ በአንድ ምልክት ይሁን፤ «ኃ/የተ/የግ/ማ» በእዝባር ከጀመረ በእዝባር ይጨረስ።

የሥራ ሰዓት ሲጽፉ «ከ2፡00 – 12፡00» ብቻ አይበሉ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት የሆነው ለውጭ እንግዳ ሌሊት ነው፣ ለራሳችን ሰውም የቀኑ ይሁን የማታው አይለይም። «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 12፡00 ሰዓት» ብለው ሙሉውን ይጻፉት። ዓመት ካስገቡም «ዓ.ም.» በዐይኑ «ዓ» ነው፤ ዓመተ ምሕረት ስለሆነ።

አምስተኛ፦ ሌላው ቋንቋ

የእንግሊዝኛውን መስመር እንግሊዝኛ በሚገባ የሚጽፍ ሰው፣ የአፋን ኦሮሞውን መስመር ቋንቋው የአፉ መፍቻ የሆነ ሰው ያንብበው። በቁቤ አጻጻፍ አናባቢ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፤ ጻፊው «ትርፍ ናት» ብሎ አንዷን ከጣለ ሌላ ቃል ይሆናል። ልክ እንደኛ ሁለት «ን» ማለት ነው። የራሳችን ፊደል ሲዛባ የሚያመን ከሆነ የጎረቤታችንንም በዚያው ልክ እንጠንቀቅለት።

ስድስተኛ፦ ሲያስረክቡና ሲረከቡ

ያረሙትን ጽሑፍ ለሠሪው ሲልኩ ሁለት ነገር ይላኩ፦ ገልብጦ የሚጠቀምበትን የተተየበ ጽሑፍ፣ እና የሚያመሳክርበትን ፎቶ። ፎቶው የሚያስፈልገው የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲሄድ የሚበላሽበት ጊዜ ስላለ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ ቢገባም በየማስታወቂያ ቤቱ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ቅርጸ ፊደሎች እስካሁን አሉ። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ቅርጸ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ሌላ ምልክት ይሆናል። ውጭ አገር ላላችሁ ይህ እጥፍ ይከብዳል፤ ሜሪላንድም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ሠሪ ፊደሉን ስለማያውቀው አንዷ ብትገለበጥ ወይም ብትጠፋ አያስተውልም። እዚያ ከፎቶው ጋር ፊደል በፊደል ራሳችሁ ማመሳከር አለባችሁ።

ከመቆረጡ ወይም ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ናሙና ይጠይቁ። ከዚያ እንዲህ ያንብቡት። መጀመሪያ ከመጨረሻው ፊደል ተነሥተው ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ። ቃሉ ስለሚጠፋ ዐይንዎ ፊደሉን ብቻ ለማየት ይገደዳል፤ እኔ በሙያዬ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላገኘሁም። ቀጥሎ ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ፤ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ልጅ የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አያነብም። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ወይ ስሕተት አለ፣ ወይ የሚያሻማ ነገር። ቃል በመስመር መጨረሻ ተሰብሮ እንደሆነም ይዩ፤ «መድኃ» ላይኛው መስመር፣ «ኒት ቤት» ታችኛው ላይ መሆን የለበትም።

ሁሉም ሲስተካከል ናሙናው ላይ ይፈርሙ፣ ሠሪውም ይፈርም፤ ከናሙናው ውጭ ለሚመጣ ስሕተት ሠሪው በራሱ ወጪ እንደሚያርም አንዲት መስመር ያክሉበት። ቀሪውን ክፍያ ታፔላው ተሰቅሎ ካነበቡት በኋላ ይክፈሉ።

የተሰቀለውስ?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው መንገዶች ብዙ ሱቅ ታፔላውን ቀይሯል፤ ለውጡ የቆየ ስሕተትን ለማረም ጥሩ አጋጣሚ ነው። አጋጣሚው ላልመጣለት ደግሞ አንዲት ፊደል ለመለወጥ ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም። በተመሳሳይ ቀለም የተቆረጠ ስቲከር ይበቃል።

የሌላ ሰው ስሕተት ሲያዩ ፎቶ አንሥተው ለሰው መሳቂያ አያድርጉት። ገብተው ዕቃ ይግዙ፣ ሰው እስኪቀንስ ይቆዩ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ይንገሩ። እኛ ሰፈር የልጆች ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ታፔላቸው «የሕፃናቶች ልብስ» ይል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እያየሁት አለፍኩ፤ አንድ ቀን ለእህቴ ልጅ ካልሲ ገዝቼ ሒሳብ ስከፍል «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ ታፔላዎ አንድ ነገር ልንገርዎ?» አልኳቸው። ሰምተው ዝም አሉ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ተሳቅቄ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሳልፍ «ቶ» በ«ት» ተተክታለች። «ች» የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው፤ ዙሪያው በፀሐይ ደብዝዞ እሱ ብቻ እንደ አዲስ ቀይ ሆኖ ይታያል። እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በእጃቸው ወደ ላይ ጠቁመው አሳዩኝ።